የባሕር በር የናፈቃት የመረሬ ምድር ከተማ
የትሪኒቲ ወንዝ ዳርቻ ፕላንና የገንዘቡ ነገር፤ ዳሰሳ

ዳላስ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት፤ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ገብታ፣ ሲዘንብበት የሚጣበቅ ፀሐይ ሲጠናበት የሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ የባሕር ዳር ከተሞች ለዳርቻ መሬታቸው ያወጡትን ፕላን ከወረቀት ወደ ሥራ ለማውረድ ገንዘብ ሲፈልጉ የሚያነሡት ጥያቄ ዳላስንና ጎረቤቷን ፎርት ዎርዝን የሚመለከት አይመስል ይሆናል። ነገር ግን መዝገቧን ገልጦ የመረመረ ሰው፣ ይህች ከተማ ከተቈረቈረችበት ከ1841 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) መቶ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ዘመን የባሕር በር ለመሆን ስትመኝ፣ ለዚያም ምኞት ገንዘብ ስትለምንና ስትበደር የኖረች መሆኗን ያገኛል። ምኞቱ ከከሸፈም በኋላ ያው ወንዝ፣ ያው ዳርቻና ያው የገንዘብ ጥያቄ፣ ስማቸው እየተለወጠ፣ እስከ ዛሬ አልተለዩዋትም።

የከተማዪቱ መሥራች ጆን ኒሊ ብራያን ሰፈሩን በትሪኒቲ ወንዝ መሻገሪያ ላይ የተከለው የእንፋሎት መርከቦች ከባሕረ ሰላጤው ተነሥተው እስከ ደጁ ይመጣሉ ብሎ ተስፋ በማድረግ ነበር። ወንዙ ግን 710 ማይል ያህል እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ በድርቅ ጊዜ የሚመነምን፣ በዝናም ጊዜ ሜዳውን ሁሉ የሚውጥ፣ የወደቀ ግንድም የሞላበት ስለ ነበር፣ በ1868 ከጋልቬስተን የተነሣች ጆብ ቦት ቁጥር 1 የተባለች ጀልባ ዳላስ ለመድረስ አንድ ዓመት ከአራት ቀን ፈጀባት። ይህ ለሌላ ሕዝብ በቂ ምላሽ በሆነ ነበር። የዳላስ ነጋዴዎች ግን የባቡር ኩባንያዎች የሚያስከፍሉት የጭነት ዋጋ አስመርሯቸው ነበርና፣ በ1893 ኤች ኤ ሐርቪ የተባለችው መርከብ ከወንዙ ጋር ታግላ ስትደርስ በታላቅ ሰልፍና በእልልታ ተቀበሏት። በሀያኛው መቶ ዓመት መባቻ የዋሽንግተን ምክር ቤት ወንዙን በግድብና በውሃ መዝጊያ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ ለመርከብ ለማመቻቸት ሥራ አስጀመረ፤ ጥቂቶቹ ከተሠሩ በኋላ ገንዘቡ ተቋረጠ፤ ከከተማው በስተ ደቡብ ማካመስ ብላፍ በሚባለው ስፍራ የተተወው የአንደኛው ግድብ ፍርስራሽ አሁንም ይታያል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ፣ ከባሕረ ሰላጤው እስከ ፎርት ዎርዝ ድረስ ታላላቅ የጭነት ጀልባዎች የሚመላለሱበት ቦይ እንዲቈፈር ተፈቀደ፤ ግምቱም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ፈቃዱ ሲሰጥ የተደሰቱት ሁሉ ግን መፍቀድና መክፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ እንዲመጣ አገሬው የራሱን ድርሻ 150 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲያዋጣ በመጋቢት 1973 በወንዙ ተፋሰስ ያሉ የ17 አውራጃዎች ሕዝብ ድምፅ ሲጠየቅ፣ ኔድ ፍሪትዝን በመሰሉ የደን ተቈርቋሪ ጠበቆችና ለግብራቸው በሚሳሱ ወግ አጥባቂዎች ያልተለመደ ኅብረት ምክንያት፣ አልከፍልም ብሎ መለሰ። በዚህ ምድር የባሕር በር ጉዳይ በድምፅ መስጫ ሣጥን ሲያበቃ፣ የባሕር በሯን በሌላ መንገድ ካጣች አገር፣ ከኢትዮጵያ፣ የመጣን እኛ ጉዳዩን በልዩ ስሜት ብናነበው አያስገርምም፤ ይህ ግን የሌላ ጽሑፍ ርእስ ነው።

መርከቡን ያላመጣው ወንዝ ጎርፉን ያመጣ ነበር። በግንቦት 1908 ትሪኒቲ ከ52 ጫማ በላይ ከፍ ብሎ አምስት ሰዎችን ገደለ፣ 4,000 ያህል ሰዎችን ቤት አልባ አደረገ፣ ኦክ ክሊፍ የሚባለውንም ሰፈር ከዋናው ከተማ ቈርጦ ለየው። ከዚህ መቅሠፍት በኋላ ከተማዪቱ ጆርጅ ኬስለር የተባለውን የታወቀ የፕላን ሊቅ ጠርታ በ1911 የመጀመሪያውን አጠቃላይ ፕላኗን አሠራች፤ እርሱም ወንዙ በሁለት የአፈር መከታዎች መካከል እንዲወሰን፣ የባቡር ሐዲዶች ከመሐል ከተማ እንዲነሡ፣ በጅረቶቹ ዳርና ዳር መናፈሻና ሰፋፊ ጎዳና እንዲዘረጋ መከረ። የሚደንቀው ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ ፈጥኖ ገንዘብ ያገኘው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ሌስሊ ስተሞንስንና ጓደኞቹን የመሳሰሉ ባለ መሬቶች ተባብረው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ወንዙን ከጥንት ፈለጉ አንሥተው ወደ አዲስ ቦይ አዛወሩት፤ በሁለት ወገን ወደ 30 ጫማ ከፍታ ያለው የአፈር መከታ አቆሙ፤ ከ10,000 ኤከር ያላነሰ የጎርፍ ሜዳም ደረቅ መሬት ሆኖ ለመጋዘንና ለፋብሪካ ተሸጠ። መናፈሻው ግን በመጽሐፍ ታትሞ ተቀመጠ። የሚሸጥ መሬት የሚያስገኘው የፕላን ክፍል ከፋይ አላጣም፤ ሕዝብ የሚያርፍበት ክፍል ግን ከፋይ ፍለጋ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቈየ። ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ።

በግንቦት 1998፣ ከንቲባ ሮን ከርክ ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ የዳላስ መራጮች በጥቂት ድምፅ ብልጫ ለትሪኒቲ ወንዝ ሥራ 246 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቁ። በሥዕል የቀረበላቸው ሐይቅና ደን፣ የብስክሌት መንገድና የጀልባ ማቆሚያ ነበር፤ ከገንዘቡ 84 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ግን በመከታዎቹ መካከል፣ ይኸውም ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ፣ ለሚዘረጋ ጎዳና የተመደበ ሆኖ ተገኘ። ያ ጎዳና በመጀመሪያ ዛፍ የጋረደው ዘና ብለው የሚነዱበት መንገድ ተብሎ ተነገረ፤ ወደ ኋላ ግን ለብቻው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ የክፍያ ፈጣን መንገድ ሆነ። በ2007 የምክር ቤት አባል አንጀላ ሀንት ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ፤ ተቃዋሚዎቹ በ1998 ድምፅ ስንሰጥ የክፍያ መንገድ የሚባል ነገር አልሰማንም ሲሉ፣ ደጋፊዎቹ መንገዱ ከቀረ ከሌላ ዘንድ የሚመጣው ገንዘብ ሁሉ አብሮ ይቀራል ብለው አስጠነቀቁ፤ መንገዱም ከመቶ 53 ድምፅ አግኝቶ ተረፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2017፣ የከተማው ምክር ቤት ራሱ 13 ለ2 በሆነ ድምፅ ሰረዘው።

በዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ ብንቆይ የሚያስቈጭ አይሆንም፤ ዛሬ ማንኛውም የወንዝ ወይም የባሕር ዳር ከተማ ገንዘብ ሲለምን የሚገጥመው ፈተና እዚህ ውስጥ ይገኛልና። መናፈሻ ብቻውን ለፌዴራል መንግሥት የመንገድ ገንዘብ አይበቃም፤ መንገድ ግን ይበቃል። ስለዚህ መናፈሻ የሚፈልገው ወገን መንገዱን ተሸከመ፤ መንገድ የሚፈልገውም ወገን መናፈሻውን ለበሰ፤ ሁለቱም እውነተኛ ጉዳያቸውን በገዛ ስሙ ሳይጠሩ ሀያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጓተቱ። የመከታዎቹ ግንባታ ቁፋሮ፣ የሐይቁ ቁፋሮና የመንገዱ መሠረት እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው ተብሎ ስለ ታቀደ፣ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ቆመ። እኔ የምፈርደው በመንገዱ ደጋፊዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ እንዲያመጣላቸው ሲሉ ያላመኑበትን ነገር በፕላናቸው ውስጥ ያስገቡት የመናፈሻው ወዳጆችም የበደሉ ድርሻ አላቸው።

በመካከሉ በ2003 ሚዛናዊ ራእይ የተባለው ፕላን ወጣ፤ በ2005 ደግሞ የወንዙን ግራና ቀኝ ሰፈሮች የሚመለከተው አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ፕላን በምክር ቤቱ ጸደቀ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ሊሆን የሚገባው ይህ የ2005ቱ ሰነድ ነው፤ ሆኖም በሕዝብ አፍ ከሁሉ ያነሰ የተነገረለትም እርሱ ነው። ድልድይ ስም አለው፤ መርቆ የሚከፍተው ባለሥልጣን፣ ሪባን የሚቈርጥበት መቀስም አለው። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ግን በአብዛኛው የሚናገረው በዚህ ስፍራ ፋብሪካ አይተከል፣ በዚያ ስፍራ መኖሪያ ይብዛ፣ እዚህ ጎርፍ ይተኛ እያለ ነው፤ ለመከልከልና ለመጠበቅ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ የሚመረቅ ነገር ስለማያስገኝ ለጋሽ አያገኝም። ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው፣ በመጋቢት 2012 የተከፈተው የማርጋሬት ሀንት ሂል ድልድይ ነጭ ቅስቱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የከተማዪቱ ምልክት ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ሐይቅ ግን ገና አልተቈፈረም ነበር። ለመዝናኛ ተብሎ በ2011 በወንዙ ውስጥ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ተሠርቶ፣ ለታንኳ ቀዛፊዎች አደገኛ ሆኖ ስለ ተገኘ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች አልተቀበሉትም፤ በመጨረሻም ፈረሰ። መርከብ ያልመጣበት ወንዝ በሕግ ፊት አሁንም የመጓጓዣ ውሃ ነውና፣ የጥንቱ ምኞት ለካ ቢያንስ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ አልሞተም ኖሯል!

ፍትሕ ለማድረግ፣ ሁሉም በወረቀት የቀረ አይደለም። በደቡብ ዳላስ ብዙ ዘመን ሕገ ወጥ የቈሻሻ መጣያ የነበረው የዲፕዉድ ስፍራ ታክሞ በ2008 የትሪኒቲ ኦዱቦን የተፈጥሮ ትምህርት ማእከል ሆኗል፤ የቀድሞው የኮንቲኔንታል ጎዳና ድልድይ በ2014 ለእግረኞች ተከፍቶ ኋላ በሮን ከርክ ስም ተጠርቷል፤ 6,000 ኤከር ያህል የሚሆነው ታላቁ የትሪኒቲ ደንም በከተማ ክልል ውስጥ ቆሟል።

ዋናውን ገንዘብ ያመጣው ግን ራእይ ሳይሆን ፍርሃት ነው። በ2009 የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የዳላስን የአፈር መከታዎች መርምረው ተቀባይነት የሌላቸው የሚል ማዕርግ ሰጧቸው፤ ያ ቃል ከጸና ከመከታው ጀርባ ያለው ሰፈርና የንግድ ቀበሌ ሁሉ በጎርፍ ካርታ ላይ እንደ አደጋ ክልል ተቈጥሮ መድን እንዲገዛ ሊገደድ ነውና፣ ሐይቁንና መናፈሻውን በተመለከተ እርስ በርሱ ይነታረክ የነበረው ባለሥልጣን ሁሉ በአንድ ልብ ተነሣ። እንዲያም ሆኖ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው የፌዴራል ገንዘብ የተመደበው በ2018 ነው፤ የመጣበትም መንገድ በ2017 ሐርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን ካሰጠመ በኋላ በወጣው የአደጋ መቋቋሚያ ሕግ ነበር። ሂዩስተን ሰጠመች፤ የዳላስ መከታ ገንዘብ አገኘ። የሰው ልጅ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ መርከቡን የሚሠራው ማየ አይኅ ሲነገረው ሳይሆን ጎረቤቱ ሲሰጥም ባየ ጊዜ እንደ ሆነ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሁን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ እንሂድ። ፎርት ዎርዝ በ1922ና በ1949 በጎርፍ ተመትታለች፤ በሁለተኛው ጊዜ ውሃው በምዕራብ ሰባተኛ ጎዳና የሚገኘውን የሞንትጎመሪ ዋርድ መደብር እስከ ሁለተኛው ፎቅ ደርሶበት፣ በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተሰደዋል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መከታዎች ከተማዪቱን ከጎርፍ ሲጠብቁ ከወንዙም ለዩዋት። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የትሪኒቲ ወንዝ ራእይ የተባለ ፕላን ወጥቶ፣ 1.5 ማይል የሚረዝም አዲስ የጎርፍ ቦይ እንዲቈፈርና ከመሐል ከተማ በስተ ሰሜን ያለው የቈየ የፋብሪካ ሰፈር በውሃ ተከቦ ደሴት እንዲሆን ታሰበ፤ ስሙም ፓንተር አይላንድ ተባለ። የፎርት ዎርዝ የቀድሞ ከንቲባ፣ የጊዜው የኮንግረስ አባል ኬይ ግሬንጀር ጉዳዩን በዋሽንግተን ያዙ፤ ልጃቸውም የሥራው አስተዳዳሪ ሆነ፤ ይህም ብዙ ጥያቄ አስነሣ። ኮንግረስ በ2004 ፈቀደ፤ ግምቱ ከግማሽ ቢሊዮን በታች ጀምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ በ2016 የፌዴራሉ ድርሻ እስከ 526 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርስ ተፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን ዓመት ዓመትን እየተካ አልመጣም።

ፎርት ዎርዝ ገንዘቡን ስትጠብቅ ሥራውን ጀመረች፤ አጀማመሩም ከሚቻለው ሁሉ እንግዳው ነበር። ቦዩ ሳይቈፈር፣ በ2014 ቦዩን የሚሻገሩት ሦስት ድልድዮች በደረቅ መሬት ላይ መሠራት ተጀመረ። በውሃ ላይ ከመሥራት በደረቅ መሬት ላይ መሥራት ይረክሳል የሚለው የመሐንዲሶቹ ክርክር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ድልድዮቹ በንድፍና በግንባታ ችግር ዘግይተው በ2021 እስኪከፈቱ ድረስ፣ በአካባቢው ያሉ ነጋዴዎች በተዘጋ መንገድ ከደንበኞቻቸው ተለያዩ፤ ሌሎች ደግሞ ቦዩ ስለሚያልፍበት መሬታቸውን አስቀድመው ለቀቁ፤ ከድልድዩም በታች ሣር በቀለ። በግንቦት 2018 የክልሉ የውሃ ድርጅት 250 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በመራጮች አስጸደቀ፤ ዕዳውም በደሴቱ ላይ ወደፊት የሚነሡት ሕንጻዎች ከሚከፍሉት የግብር ጭማሪ እንዲከፈል ታሰበ፤ ይኸውም ያልተቈፈረ ቦይ በሚከበው ደሴት ላይ ያልተሠራ ሕንጻ የሚከፍለው ግብር ማለት ነው። በጥር 2022፣ ከመሠረተ ልማቱ ሕግ 403 ሚሊዮን ዶላር ለቦዩ ተመደበ። ሀያ ዓመት ያህል ጥበቃ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ተፈጸመ ብለው የተደሰቱ አሉ፤ እኔ ግን በእነዚያ ዓመታት የከሰሩትን ሱቆችና የናረውን የግንባታ ዋጋ ማን በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍረው አላየሁም።

ሁለቱን ከተሞች እያነጻጸርን ከባሕር ወዲህ ብቻ እንዳንቀር፣ እውነተኛዋን የቴክሳስ የባሕር ዳር ከተማ ጋልቬስተንን በአጭሩ እናንሣ። በ1900 የመጣው ማዕበል በትንሹ 6,000 ሰዎች ከፈጀባት በኋላ ከተማዪቱ በራሷና በአውራጃዋ ዕዳ የባሕር ግንብ ሠራች፤ መሬቷንም በአሸዋ ሞልታ ቤቶቿን ከፍ አደረገች። በ2022 ደግሞ ኮንግረስ የቴክሳስን ባሕር ዳርቻ የሚጠብቅ፣ 34 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተገመተ ታላቅ ሥራ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት የወጣው ገንዘብ ግን ከግምቱ ጋር በአንድ መስመር የሚጻፍ አይደለም። የዛሬ መቶ ሀያ ዓመት ሙታኗን ቀብራ የተበደረችው ከተማ፣ ዛሬ ፈቃድ ይዘው ከሚጠብቁት ይልቅ ፈጥና ሠርታ ነበር።

የቴክሳስ ግዛት ራሱም ቸል አላለም፤ በኅዳር 2019 መራጮች ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 793 ሚሊዮን ዶላር የጎርፍ መከላከያ ፈንድ ተቋቋመ፤ በ2024 የወጣው የመጀመሪያው የግዛቱ የጎርፍ ፕላን ግን የሚያስፈልገውን ከ54 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብሎ ገመተው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለማኝ ከተሞች በአንድ በር ላይ እንዴት እንደሚጋፉ ይነግረናል።

በጎ አድራጊዎችስ? በ2016 አኔት ሲመንስ ለሟቹ ባለቤታቸው ለሃሮልድ ሲመንስ መታሰቢያ፣ በመከታዎቹ መካከል ለሚሠራው መናፈሻ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል፤ ገንዘቡም የሥራው ደረጃ እየታየ እንዲከፈል ተወስኗል። ይህን ስናነብ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት፣ በነፍስ ወከፍ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበትን የገበታ ለሸገር ራት እናስታውሳለን፤ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ያህል የሚፈልገው ያ ሥራም በሕዝብ ግብር ብቻ ሳይሆን በባለጸጎች ቸርነትና በቻይና መንግሥት እርዳታ ተጀምሯል። ቸርነት የተቀደሰ ነገር ነው፤ ነገር ግን ባለጸጋ የሚሰጠው ለሚታየው ነው፤ ፏፏቴውና አደባባዩ ሲያምሩ፣ ከላይ በኩል ወደ ወንዙ የሚለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽና ከዳርቻው የሚነሡት ነዋሪዎች ማረፊያ በማንም ስም አይሰየሙም። ባሕር ዳርም ብንሄድ፣ ጣና በ2015 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንዳይታረስና እንዳይገነባ የመወሰኑ ነገር ከምዝገባው ሰነድ ይልቅ ከባድ ሆኖ ቈይቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ወርዶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ የሆነውን የወንዝ መሬት ሰው ባዶ ቦታ ነው ብሎ ስለ ሰፈረበት ነበር።

ወደ ዳላስ ስንመለስ የምዕራብ ዳላስን ነዋሪዎች ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ይህ ሰፈር ለአምሳ ዓመት ያህል ከእርሳስ ማቅለጫ ፋብሪካ ጭስ ጋር የኖረ፣ ፋብሪካው በ1984 ከተዘጋ በኋላም አፈሩ ብዙ ጽዳት የፈለገ፣ የድሆች ጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች መንደር ነው። ነጩ ድልድይ ሲከፈት ምግብ ቤቶችና የኪራይ ሕንጻዎች ተከትለውት መጡ፤ የመሬቱ ግምት ሲወጣ የንብረት ግብሩም ወጣ፤ ብዙዎቹም ተከራዮች ለቀቁ። ላ ባሃዳ የተባለችው ትንሽ መንደር ግን በ2012 የሕንጻ ከፍታ የሚወስን ደንብ ከምክር ቤቱ አስወጥታ መልኳን በመጠኑ ጠብቃለች። ይህ ደንብ ከድልድዩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አላስወጣም ማለት ይቻላል፤ የሰጠው ጥቅም ግን ለነዋሪዎቹ ከድልድዩ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የማደንቀው ነገር ላይ ደርሰናል። በ1980ዎቹ የዚህ ምድር ከተሞች በጎርፍ ሜዳው ላይ በሽሚያ ሲገነቡ፣ አንዱ አፈር ሞልቶ ባሳደገው ሜዳ ምክንያት ውሃው ወደ ታችኛው ጎረቤት እንደሚገፋ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች አጥንተው በ1988 አስታወቁ። ከዚህም የተነሣ ዳላስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ አርሊንግተን፣ ኧርቪንግ፣ ግራንድ ፕሬሪና ሌሎች፣ በድምሩ ዘጠኝ ከተሞች፣ ከሦስት አውራጃዎችና ከሁለት የውሃ ድርጅቶች ጋር ቃል ኪዳን ገቡ፤ በወንዙ መተላለፊያ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ለሚጠበቀው ጎርፍ ሜዳው ከሚይዘው ውሃ ምንም እንዳይቀንስ፣ ከዚያ ለሚከፋው ታላቅ ጎርፍም ከመቶ አምስት በላይ እንዳይቀንስ፣ አስቀድሞ የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ደነገጉ። የሚመረቅ ነገር የለውም፤ ሥዕልም የለውም፤ በጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ወጥቶ አያውቅም ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። ሆኖም እርስ በርስ በሚፎካከሩ ከተሞች መካከል እስከ ዛሬ የጸና፣ የጎረቤትን ሕይወት ያሰበ እውነተኛ የመሬት አጠቃቀም ሕግ እርሱ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ዳርቻዋን ለማልማት ገንዘብ የምትፈልግ ከተማ ወደ ማንም በር ከመሄዷ በፊት፣ ፕላኗን ለሁለት ከፍላ፣ ማንም ባይረዳኝ ነገ የማደርገው ይህን ነው ብላ ታሳይ። ደንቡ፣ ክልከላው፣ ከጎርፍ ሜዳው የሚነሡትን ቤቶች በተገቢ ዋጋ መግዛቱ፣ የጎርፍ ቦዩን መጥረጉ በራሷ ኪስ ሊጀመር ይችላል፤ ሐይቁና ቅስቱ ይቆዩ። ይህን ያላደረገች ከተማ ገንዘቡ በመጣ ጊዜ ፕላኗን የሚጽፍላት ገንዘቡ ነው፤ ዳላስ ለመንገዱ ስትል፣ ፎርት ዎርዝም ለቦዩ ስትል ከፍለውበታል።

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስለን። በነሐሴ 2022 በዳላስ–ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ9 ኢንች በላይ፣ በምሥራቅ ዳላስ አንዳንድ ስፍራዎች ደግሞ እስከ 15 ኢንች ድረስ ዘንቦ፣ ትሪኒቲ ሳይሆን በየሰፈሩ ያሉት ትናንሽ ጅረቶችና የጎዳና መውረጃዎች ሞልተው መኪናና ቤት አሰጥመዋል። ከዚህ በኋላ በግንቦት 2024 የዳላስ መራጮች 1.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሲያጸድቁ፣ ለመናፈሻ 345 ሚሊዮን ያህል፣ ለጎርፍ መከላከያ ግን 52 ሚሊዮን ያህል ብቻ ተመድቧል። ይህን ድርሻ የወሰነው በምክር ቤቱ ስብሰባ የተገኘውና የተናገረው ሰው ነው።

በጋርላንድ፣ በሜስኪት፣ በሪቻርድሰን፣ በኧርቪንግ ቤት የገዛህ ወይም ልትገዛ ያሰብህ ወገኔ ሆይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ የምትገዙ ማኅበራትም፣ የወጥ ቤቱን ስፋት ከማየታችሁ በፊት ቤቱ በጎርፍ ካርታው ላይ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ተራው የቤት መድን የጎርፍን ጉዳት እንደማይከፍልም ዕወቁ። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ፣ ለፕሬዚዳንት ምርጫ በምትሰለፉበት ትጋት ለቦንድ ምርጫም ውጡ፤ በቴክሳስ የመራጮች ምዝገባ ከምርጫው ቀን 30 ቀን አስቀድሞ ይዘጋል።